ነጭ ሽንኩርቱን የገደለው ውርጭ ነውን? ነቅለን ሥሩን እንይ

የእርሻ ትምህርት

በደጋ አገር ነጭ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማለዳ ማሳው ላይ ደርሶ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲያገኘው፣ «ውርጭ መታው» ይላል። ነገሩም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ያልቃል። ውርጭ ከሰማይ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል ተብሎ ይታለፋል።

በዛሬው ትምህርታችን ይህን አባባል እንመረምራለን። ነጭ ሽንኩርት ብርድን ከሚችሉት አትክልቶች አንዱ ነው። ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል እንጂ ሥሩን በቀላሉ አይገድለውም። ተክሉ ከነሥሩ ሲሞት ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። ያ ምክንያት የተኛ ውሃ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ከሁሉ የከፋው፣ በአፈርና በዘር የሚዛመት በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታውን ውርጭ ነው ብሎ ያለፈ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዘር ይተክላል፤ ለጎረቤቱም ይሰጣል። በዚህ መንገድ አንድ መንደር ሙሉ ነጭ ሽንኩርት የማያበቅል መሬት ይዞ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው፦ ቢጫ ቅጠል ስታዩ በሰማይ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ነቅላችሁ ሥሩን እዩ።

፩. ተክሉን እንወቅ

ነጭ ሽንኩርት የመነጨው ከመካከለኛው እስያ ተራራማ አገር ነው። የዚያ አገር የብርድ ወራት ብርቱ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ብዙ አገር ተዳረሰ። ከ3,300 ዓመት ገደማ በፊት በሞተው በግብፁ ንጉሥ በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ እንኳ ነጭ ሽንኩርት ተገኝቷል። በሩሲያና በካናዳ ዛሬም ገበሬዎች ምድሩ በረዶ ከመልበሱ በፊት ይተክሉታል። ሥር ሰድዶ በበረዶ ሥር ወራት ይቆይና በረዶው ሲቀልጥ ያድጋል። የእኛ ውርጭ ግን ሌሊት መጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ የሚለቅ ነው። ታዲያ ያንን የቻለ ተክል ይህን እንዴት ያቅተዋል?

ብርድን የሚችልበት አንዱ ምክንያት አበቃቀሉ ነው። ድንችና ባቄላ የሚያድጉት ከጫፋቸው ነው። ውርጭ ጫፋቸውን ሲያቃጥለው እድገታቸው ይሰናከላል። ነጭ ሽንኩርት ግን ቅጠሉን የሚገፋው ከሥሩ በላይ ካለው እምብርቱ ነው። እምብርቱ አፈር ውስጥ ተሸሽጓል። ቅጠሉ ጫፉ ቢቃጠል ከታች አዲስ ያወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ብርድ ሲሰማው በውስጡ ስኳር ያከማቻል። ስኳር ያለበት ውሃ ደግሞ እንደ ንጹሕ ውሃ ቶሎ ወደ በረዶ አይለወጥም።

እንዲያውም ነጭ ሽንኩርት ብርድ ያስፈልገዋል። በቂ ብርድ ያላገኘ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ያልተከፋፈለ አንድ ድቡልቡል ነገር ይሆናል። ደጋው ለዚህ ተክል ቤቱ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሁለት ቃላት እንለይ። ከመሬት የሚነቀለው ሙሉው «ራስ» ይባላል። ራሱ ሲፈለፈል የሚወጡት ክፍሎች «ፍሬ» ይባላሉ። ፍሬ እንበለው እንጂ እንደ ስንዴ ወይም እንደ ጤፍ እውነተኛ ዘር አይደለም። የእናቲቱ ቁራጭ ነው። እናቲቱ ትልቅ ከሆነች ልጂቱም ትልቅ ትሆናለች። እናቲቱ በሽተኛ ከሆነች በሽታው ከልጂቱ ጋር ወደ አዲሱ ማሳ ይገባል። ይህን አንርሳ፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

፪. ቦታ መምረጥ

ብርድ አየር ከባድ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውሃ ከዳገት ወደ ረባዳ ይወርድና እዚያ ይተኛል። ውርጭ ረባዳውን ቀድሞ የሚመታው ለዚህ ነው። በክረምት ደግሞ ዝናቡ የሚተኛው እዚያው ነው። ስለዚህ ለነጭ ሽንኩርት ከረባዳው ይልቅ ለስለስ ያለ ተዳፋት ይመረጣል። አንድ ቦታ መርጣችሁ ከሁለት ጠላት ትድናላችሁ።

አፈሩ ልል ያለ፣ ውሃ የሚያጠነፍፍ ይሁን። መሬታችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ያለ መደብ አትትከሉ። አፈሩን ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩ። በመደብና በመደብ መካከል ውሃው የሚሄድበት ቦይ አውጡ። የቦዩ መውጫ ክፍት መሆኑን እዩ። መውጫ የሌለው ቦይ ጉድጓድ ነው።

ፍግ ለነጭ ሽንኩርት መልካም ነው። ነገር ግን በደንብ የበሰበሰና አፈር የመሰለ መሆን አለበት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል፣ መበስበስንም ይጋብዛል።

፫. ዘር መምረጥና መትከል

ብዙ ሰው ትልልቁን ራስ ለገበያ ያወጣል፤ ትንንሹን ለዘር ያስቀራል። ለጊዜው ትርፍ ይመስላል። ዳሩ ግን ትንሽ ፍሬ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ትንሽ ራስ ነው። ይህ ሦስት አራት ዓመት ሲደጋገም «ዘራችን አረጀ» ይባላል። ዘሩ አላረጀም። እኛው ነን ትንሹን እየመረጥን ያሳነስነው።

ለተከላ የሚሆነው ፍሬ ትልቅ፣ ጠጣርና ልጡ ያልተገፈፈ ይሁን። ራሱን የምትፈለፍሉት ለተከላ ስትቃረቡ ነው። አስቀድሞ የተፈለፈለ ይደርቃል፣ ይሻግታልም። የተጎዳውን፣ የለሰለሰውንና ሻጋታ የታየበትን አትትከሉ።

በዝናብ የሚለማው በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ይተከላል። በመስኖ የሚለማው ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይተከላል። በመስኖ የሚተከለው ውርጭ ሳይበረታ ሥር እንዲይዝ ቀደም ማለቱ ይጠቅማል።

አተካከሉ እንዲህ ነው፦
በመሥመርና በመሥመር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ አንድ ስንዝርና አንድ ጋት ገደማ ነው።
በፍሬና በፍሬ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ አንድ ጋት ገደማ ነው።
ከፍሬው በላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ይልበስ። ብርድ በሚበረታበት አገር 5 ሳንቲ ሜትሩ ይሻላል። ከላይ ከላይ የተተከለ ፍሬ መሬቱ በውርጭ ሲያብጥ ወደ ላይ ተገፍቶ ይወጣል።
ሹሉ ወደ ላይ፣ ደንደስ ያለው ሥር የሚያወጣው በኩል ወደ ታች ይሁን።

፬. በስሌት እንሥራው

አንድ መደብ 10 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ወርድ አለው እንበል። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት 4 መሥመር ይይዛል። በአንድ መሥመር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሲተከል 100 ፍሬ ይገባል።

4 መሥመር × 100 ፍሬ = 400 ፍሬ።

ከአንድ ጥሩ ራስ ለተከላ የሚበቃ 8 ፍሬ ተገኘ እንበል።

400 ÷ 8 = 50 ራስ።

ስለዚህ ለአንድ መደብ 50 ራስ ያስፈልጋል። ሁሉም ከጸደቀ 400 ራስ ይነቀላል። ለሚመጣው ዓመት ዘር ከስምንት ራስ አንዱን ማስቀረት በቂ ነው ማለት ነው። በማከማቻ ለሚበላሸው 10 ራስ ብንጨምር 60 ይሆናል። ከ400 ምርጥ የሆኑትን 60 ለዘር አስቀርቶ 340ውን መሸጥ ይቻላል። ትልቁን ለዘር ማስቀረት ገበያውን አያሳጣም። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

፭. በውርጭ ወራት የሚደረግ እንክብካቤ

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጭ በሚበረታበት አገር ሁለት ነገር ይጠቅማል።

አንደኛው ጉዝጓዝ ነው። ደረቅ ሣር ወይም ገለባ በመሥመሮቹ መካከል ሲነጠፍ የአፈሩ ሙቀት ቶሎ አይጠፋም፣ እርጥበቱም አይተንም። ጉዝጓዙ ከነጭ ሽንኩርት ማሳ የመጣ ግርድ መሆን የለበትም። ምክንያቱን ቀጥለን እናያለን።

ሁለተኛው ውሃ ነው። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር ይበልጥ ይይዛል። ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ እንደሚበርድ ሲታወቅ በቀን መጠነኛ ውሃ ማጠጣት ይረዳል። መጠነኛ ነው ያልነው! መደቡ እስኪጨቀይ አይደለም። ውርጭን ሸሽቶ ውሃ ውስጥ መግባት አያዋጣም።

፮. ቢጫውን ቅጠል መለየት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ከማሳው ሁለት ሦስት ቦታ በአንካሴ እየፈነቀላችሁ ከነሥሩ አውጡ። በእጅ ብቻ ከጎተታችሁት ሥሩ ተቆርጦ ይቀራል። አፈሩን አራግፋችሁ በብርሃን እዩ። ከአራቱ አንዱን ታገኛላችሁ።

ውርጭ ከሆነ፦ ቅጠሉ የሚቃጠለው ከጫፉ ነው። ጉዳቱ በአንድ ሌሊት የመጣ ነው፣ ረባዳው ላይም ይበረታል። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ነው። ይህ ተክል አልሞተም። ተዉት፣ ያገግማል።

የተኛ ውሃ ከሆነ፦ ጉዳቱ ውሃ በሚቋጥርበት ቦታ ብቻ ነው። ሥሩ ቡናማ ሆኗል፣ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ነጭ ሻጋታ ግን የለበትም። ቦዩን ክፈቱ።

ዋግ ከሆነ፦ ሥሩ ጤናማ ነው። ቅጠሉ ላይ ግን ብርቱካንማ ነጠብጣብ አለ፤ በጣት ሲዳስሱት ዱቄቱ ይይዛል። ዋግ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛ አማክሩ።

አበስብስ ከሆነ፦ የታችኛዎቹ ቅጠሎች ቀድመው ይደርቃሉ። ጉዳቱ በማሳው ላይ እዚህም እዚያም ክብ ክብ እየሠራ ይሰፋል። ተክሉ ሲስቡት ያለ ትግል ይወጣል። ከሥሩ በላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ አለ። በሻጋታው ላይ ከጤፍ ቅንጣት እንኳ የሚያንሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህን ነጠብጣቦች ካያችሁ ቁሙ! ዋናው ጠላት ይህ ነው።

፯. ዋናው ጠላት እንዴት ይኖራል?

አበስብስ የሚመጣው ሻጋታ ከሚባሉት ደቂቅ ነገሮች በአንዱ ነው። ጥቁሮቹ ነጠብጣቦች የሻጋታው ዘሮች ናቸው ብንል ይቀላል። ተክሉ ሲሞት አፈር ውስጥ ይቀራሉ፤ ይተኛሉም። 20 ዓመትና ከዚያም በላይ በሕይወት ሊቆዩ ይችላሉ። ገብስ ቢዘራባቸው፣ ባቄላ ቢዘራባቸው አይነቁም። ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት ተተክሎ የሥሩ ሽታ አፈር ውስጥ ሲደርሳቸው ግን ይነቃሉ፤ ሥሩንም ይይዛሉ። ጠላቱ ሽታ ለይቶ የሚነሣ ነው።

ሌላም አለ። ይህ በሽታ የሚስማማው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለ ቀዝቃዛ አፈር ነው። ለነጭ ሽንኩርት የሚመቸው ደጋ ለበሽታውም ይመቸዋል። ውርጭ ይገድለዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ፍሬው ከመተከሉ በፊት የሚታሽበት ፀረ ሻጋታ መድኃኒት አለ። ጉዳቱን ይቀንሳል፤ መሬቱን ግን ጨርሶ አያነጻም። መድኃኒቱን መጠቀም የፈለገ ከግብርና ልማት ሠራተኛ ጋር ይመካከር፣ በባዶ እጁም አይንካው። ከመድኃኒት ሁሉ የሚሻለው በሽታውን ከማሳ አለማስገባት ነው።

በሽታው በእነዚህ መንገዶች ይገባል፦
ከታመመ ማሳ በመጣ ዘር፤
በማረሻ፣ በዶማና በእግር ላይ በተጣበቀ አፈር፤
በከብት ሰኮና፤
ከታመመ ማሳ ወደ ጤነኛ ማሳ በሚፈስ ውሃ፤
የታመመውን ግርድ በበሉ ከብቶች ፍግ።

፰. ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም

ማሳዬን አጥሬያለሁ ማለት ከዚህ በሽታ አያድንም። በሬ እንዋዋሳለን፤ ውሃ ከአንድ ቦይ እንጠጣለን፤ ዘር ከጎረቤት እንገዛለን። ስለዚህ ገበሬ ማኅበሩ ተሰብስቦ ቢነጋገርባቸው የሚጠቅሙ ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

አበስብስ የታየበት ማሳ በምልክት ይለይ። በዚያ ማሳ ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም አይተከል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ጎመን ይሆንበታል፤ በሽታው እነዚህን አይነካም።

ሲታረስ ጤነኛው ማሳ ይቅደም፣ የታመመው ይከተል። ከታመመው ማሳ ሲወጣ ማረሻውም እግሩም እዚያው ይታጠብ።

የታመመው ተክል ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ተነሥቶ ይቃጠል። ወደ ወንዝ፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ፍግ ክምር አይጣል፤ ለከብትም አይሰጥ።

የታመመ ማሳ ውሃ ወደ ሌላው ሰው ማሳ እንዳይወርድ ቦዩ ይዛወር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በሽታው የታየበት ሰው አይነቀፍ። ማሳው የታመመበት ገበሬ ይሰድቡኛል፣ ገበያዬን ያበላሹብኛል ብሎ ከፈራ ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እዚህ ላይ የሚጎዳው ደግሞ ደባቂው ብቻ አይደለም። እውነቱን የተናገረውን ሰው ጤነኛ ዘር ያለው ዘር በማበደር፣ ትርፍ ቦታ ያለው መደብ በማዋስ ሊረዳው ይገባል።

እንዲህ ያለ ንግግር በየመንደሩ ቢሰማ መልካም ነው፦

«አባባ፣ ዘንድሮ ለዘር የሚሆን ነጭ ሽንኩርት ይሽጡልኝ።»

«ሽንኩርቱስ ሞልቷል ልጄ። ግን ከወዲያኛው ጥግ ሥሩ የሻገተ አግኝቻለሁ። ከዚህ ማሳ የወጣ ወጥ ውስጥ ይግባ እንጂ መሬት አይግባ።»

«እንዴ! ጤነኛ ይመስላል እኮ። ራሱ ትልልቅ ነው።»

«መምሰሉን ይመስላል። አፈሩ ግን አብሮት ይሄዳል። ይልቅ ከላይ ሰፈር ሂድና ማሳቸውን በዓይንህ አይተህ ግዛ። የምትበላውን ከእኔ ውሰድ፤ ልጣጩን ግን ማሳ ላይ አትበትን፣ እሳት ውስጥ ጨምረው።»

ሽማግሌው አንድ ሽያጭ አጥተዋል። የወጣቱን መሬት ግን ለ20 ዓመት አትርፈውለታል።

፱. ዘር ማቆየት

ለዘር የሚሆነው ተክል የሚመረጠው ጎተራ ውስጥ አይደለም፤ ማሳ ላይ ነው። ገና በቁሙ ሳለ ጤናማውንና ወፍራሙን በእንጨት ወይም በክር ምልክት አድርጉበት። ከተተከለ ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ የታችኛዎቹ ቅጠሎች ሲደርቁና የላዮቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ ይነቀላል። ብርድ በሚበረታበት አገር ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ከቆየ ራሱ አፈር ውስጥ ይበታተናል።

የተነቀለው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሁለት ሳምንት ያህል ይድረቅ። ከዚያ በቅጠሉ ተጎንጉኖ ወይም ታስሮ ይሰቀል። ለዘር የተመረጠው ከሚበላው ተለይቶ፣ ከምድጃ ሙቀት ርቆ ይቀመጥ። አዲስ የተነቀለ ራስ እንቅልፍ ስላለው ወዲያው ቢተከል ቶሎ አይበቅልም።

ዘር ከውጭ መግዛት ግድ ሲሆን ሻጩን ማሳውን አሳየኝ በሉት። ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጡ እንደ ቢሾፍቱ ነጭና ፀደይ 92 ያሉ ዝርያዎች አሉ። ዝርያው የተሻሻለ ቢሆንም የበቀለው በታመመ አፈር ከሆነ በሽታውን ይዞ ይመጣል። ከውጭ የመጣውን ዘር በመጀመሪያው ዓመት ከሌላው ርቃችሁ በትንሽ መደብ ሞክሩት። ሥሩን አይታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ አስፉት።

የቃላት መፍቻ

ራስ፦ ከመሬት የሚነቀለው ሙሉው ነጭ ሽንኩርት።
ፍሬ፦ የራሱ አንድ ክፍል፤ የሚተከለው።
ማጠንፈፍ፦ ውሃን ሳይቋጥሩ አሳልፎ መስደድ።
ጉዝጓዝ፦ አፈር ለማልበስ የሚነጠፍ ሣር ወይም ገለባ።
አበስብስ፦ ሥርን የሚያበሰብስ፣ በአፈርና በዘር የሚዛመት በሽታ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ነጭ ሽንኩርት ከድንች ይልቅ ውርጭ የሚችለው ለምንድን ነው?
2. ውርጭ የመታውንና አበስብስ የያዘውን ተክል በምን ትለያላችሁ?
3. በታመመ ማሳ ላይ ገብስ መዝራት ይቻላል? ቀይ ሽንኩርትስ? ምክንያቱን ጻፉ።
4. አንድ ገበሬ እንደ ላይኛው ያለ 5 መደብ አለው። ስንት ፍሬ ያስፈልገዋል? ከአንድ ራስ 8 ፍሬ ቢገኝ ስንት ራስ ነው?
5. በሰፈራችሁ አበስብስ የታየበት ማሳ አለ? ውሃው ወዴት ይፈሳል? ተወያዩበት።

የ4ኛው ጥያቄ መልስ፦ 2,000 ፍሬ፤ 250 ራስ።

ይህን ትምህርት ያነበበ ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤቱ ያንብብለት። አብረው ማሳ ይውረዱና አንድ ተክል ነቅለው ሥሩን ይዩ።